118 ካርዶች፣ አንዱ የጠፋ

ቀን 1

118 ካርድ ቆርጬ ጨረስኩ። ከወፍራም ካርቶን፣ እያንዳንዱ አምስት በአምስት ሳንቲ ሜትር። የአንድ ሰዓት ሥራ መስሎኝ ነበር፤ ግማሽ ቀን ፈጀ። የመቀሱ ቀለበት አውራ ጣቴ ላይ የተወው ምልክት አሁንም አልጠፋም።

ነገሩ የተጀመረው በእህቴ ልጅ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ናት። የንጥረ ነገሮችን ሠንጠረዥ፣ ተማሪ ሁሉ ፔሪዮዲክ ቴብል የሚለውን፣ በቃሏ ለመያዝ ስትታገል አየኋት። ሃይድሮጅን፣ ሂሊየም፣ ሊቲየም፣ ቤሪሊየም እያለች በዜማ እስከ ሃያ ትወርዳለች። ሃያኛው ካልሲየም ነው። "እሺ፣ ካልሲየም ከማን ሥር ነው የተቀመጠው?" አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ እንደገና ከሃይድሮጅን ጀምራ በጣቷ መቁጠር ጀመረች።

መሳቅ አልቻልኩም፤ እኔም ያው ነኝ። ድሮ ተምሬዋለሁ፤ የቀረኝ ግን ዜማው ብቻ ነው።

ስለዚህ ሠንጠረዡን እንቆቅልሽ እናድርገው ተባባልን። አንድ ጨዋታ ብቻ ሳይሆን የመጣልንን ሁሉ እንሞክራለን። የሚሠራው ይቀራል፣ የማይሠራው ይጣላል። እኔ ደግሞ የሆነውን እዚህ እጽፋለሁ።

በየካርዱ ላይ አራት ነገር አለ፦ ስም፣ ምልክት፣ አቶማዊ ክብደት፣ በላይኛው ቀኝ ጥግ ላይ ደግሞ አቶማዊ ቁጥር፣ ማለትም በሠንጠረዡ ያለው ተራ። ከታች በኩል ቀጭን የቀለም መስመር አሰመርኩ። እንደ ሶዲየም ያሉት አልካሊ ብረቶች ቀይ፣ ከሌላ ጋር እምብዛም የማይዋሃዱት ኖብል ጋዞች ሰማያዊ፣ ሌሎቹም እንደየምድባቸው። ሲያዩት ያምራል። ያማረ ነገር ሁሉ እንደማይሠራ ነገ እደርስበታለሁ።

ቀን 2

የመጀመሪያው ጨዋታ ማገጣጠም ነው። ካርዶቹ ይበወዛሉ። ወለሉ ላይ 18 ዓምድ ያለው ባዶ ሠንጠረዥ ተዘርግቷል፤ ስፋቱ 90 ሳንቲ ሜትር። እያንዳንዱን ካርድ ቦታው ላይ ማስቀመጥ ነው።

በሃያ ደቂቃ ጨረሰችው። አንድ ስህተት የለም። ደስ ብሎኝ፣ "በይ እስቲ ሳታዪ፣ ከብሮሚን በላይ ማን አለ?" አልኳት።

"እኔ ምን አውቄ!"

"አሁን አስቀመጥሽው እኮ!"

"አጎቴ፣ እስከ 118 መቁጠር እኮ እችላለሁ። ቀለሙ ደግሞ ዓምዱን ይነግረኛል። ስሙን ማን አነበበው?"

አንድም ቃል አልወጣኝም። ልክ ነች። እኔ የኬሚስትሪ እንቆቅልሽ የሠራሁ መስሎኝ የሠራሁት የአንደኛ ክፍል ቆጠራ ነው። ተጫዋች ሁልጊዜ አጭሩን መንገድ ነው የሚሄደው። አጭሩ መንገድ በኬሚስትሪው በኩል ካላለፈ፣ ኬሚስትሪውን ትቶት ይሄዳል።

ማታ መቀሱን እንደገና አነሣሁ። የ118ቱንም ካርድ ቀኝ ጥግ ቆርጬ ጣልኩ፤ የቀለሙንም መስመር እንዲሁ። አሁን ሁሉም ጥጉ የተገመጠ ብስኩት ይመስላል።

ከዚህ ውድቀት አንድ ነገር ተርፎናል። ረድፎቹን ስትቆጥር 2፣ 8፣ 8፣ 18፣ 18፣ 32፣ 32 ሆነባት። "ለምን ይደጋገማል?" አለች። በየቁጥሩ ግማሽ ሞክሪው አልኳት። 1፣ 4፣ 4፣ 9፣ 9፣ 16፣ 16። ትንሽ አፍጥጣ ቆየችና የ1፣ የ2፣ የ3፣ የ4 ካሬ መሆኑን ራሷ አገኘችው። ኤሌክትሮኖች በአቶሙ ዙሪያ የሚደረደሩበት ሕግ ነው ይህን ቅርጽ የሰጠው። ይህን በቃል ከመንገር ወለል ላይ ማየት ይሻላል።

32ቱን ለማየት ከታች ለብቻቸው የተቀመጡትን ሁለት ረድፎች፣ ላንታናይድና አክቲናይድ የሚባሉትን፣ ወደ ቦታቸው መልሰን ሠንጠረዡን ከፈትነው። 160 ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ በሩ አልዘጋ አለ። ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፦ ከይትሪየም ሥር የሚቀመጠው ላንታነም ነው ወይስ ሉቴቲየም? ኬሚስቶች ራሳቸው ሲከራከሩበት የኖሩት ጉዳይ ነው። እኛ በዕጣ ወሰንን፤ ሉቴቲየም ወጣለት።

ቀን 4

ሁለተኛ ሙከራ። ካርዱ ላይ አሁን ስም፣ ምልክትና ክብደት ብቻ አለ። ክብደት ቁጥር ስለሆነ ያው መደርደር ሊሆን ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ግን ካለ ምንም ፍንጭ መነሻ የለም፤ ይሁን አልኩ።

እስከ ክሎሪን ድረስ ሰላም ነበር። 35.45። ቀጥሎ የመጣው 39.10 ነው፤ ፖታሲየም። ከዚያ 39.95፣ አርጎን። በክብደታቸው ደረደረቻቸው። ያኔ ፖታሲየም ከኒዮን ሥር ዐረፈ፤ አርጎን ደግሞ ከሶዲየም ሥር።

እጇ ቆመ።

"አጎቴ፣ ፖታሲየም እኮ ውሃ ሲነካው የሚቀጣጠለው ነው። ከነዚህ ከማንም ከማይደርሱት ጋር ምን ያደርጋል?"

እውነቱን ልናገር፤ እኔ ካርዱን ተሳስቼ የጻፍኩ መስሎኝ ነበር። ሄጄ አረጋገጥኩ። ቁጥሩ ልክ ነው። አርጎን ከፖታሲየም ይከብዳል፤ ግን ይቀድመዋል። ሰበቡ በአቶሙ እምብርት ከፕሮቶን ጋር የሚገኘው ኒውትሮን ነው። በተፈጥሮ የሚገኘው አርጎን በአብዛኛው 22 ኒውትሮን ያለው ዓይነት ነው። ፖታሲየም ደግሞ በአብዛኛው 20 ኒውትሮን ያለው። ፖታሲየም በፕሮቶን በአንድ ይበልጣል፣ በኒውትሮን በሁለት ያንሳል። ሚዛን ላይ ተቀደመ ማለት ነው።

ሌሎችም እንዲህ ያሉ ጥንዶች አሉ። ኮባልት 58.93፣ ኒኬል 58.69። ቴሉሪየም 127.60፣ አዮዲን 126.90። ካርዶቹ ላይ ሁሉንም እያደነች አወጣቻቸው። ይህ ቀን ነው እንግዲህ ጨዋታው ጨዋታ የሆነው። የሚያስደስተው ደግሞ ወጥመዱን ያጠመድኩት እኔ አለመሆኔ ነው።

ቀን 5

አጭር ማስታወሻ። "ታዲያ ቁጥሩን ማን ወሰነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

ሩሲያዊው ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ እ.ኤ.አ. በ1869 ሠንጠረዡን ሲያወጣ መደርደሪያው ክብደት ነበር። ቴሉሪየምና አዮዲን ላይ ሲደርስ ግን ሕጉን ራሱ ጣሰ። አዮዲን ጠባዩ የክሎሪንና የብሮሚን ነው ብሎ ከነሱ ሥር አስቀመጠው፤ የቴሉሪየም ክብደት በስህተት የተለካ መስሎት ነበር። ቦታው ልክ ነበር፣ ምክንያቱ ግን አልነበረም። ነገሩ የተፈታው በ1913 ሄንሪ ሞዝሊ የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ ንጥረ ነገሮች የሚያወጡትን ኤክስሬይ ሲለካ ነው። ደረጃ በደረጃ የሚያድገው ክብደቱ ሳይሆን በአቶሙ እምብርት ያለው ቻርጅ፣ ማለትም የፕሮቶኑ ብዛት ሆኖ ተገኘ። ሞዝሊ ከሁለት ዓመት በኋላ በጋሊፖሊ ጦር ግንባር ሞተ። 27 ዓመቱ ነበር።

የእህቴ ልጅ ይህን ስትሰማ የቆረጥኩትን ጥግ ከቅርጫቱ ፈልጋ አወጣች። "ይሄ የሱ ነው በለኛ" አለች።

ቀን 7

ዛሬ የምልክት ጨዋታ። በአንድ በኩል የአማርኛ ስም፣ በሌላ በኩል የላቲን ፊደል ምልክት፤ ማጣመር ነው። አብዛኛው ቀላል ነው። አስቸጋሪዎቹ ምልክታቸው ከእንግሊዝኛ ስማቸው ጋር የማይገጥም 11 ናቸው። ሶዲየም ኤን-ኤ የሆነው ናትሪየም ከሚለው ነው። ፖታሲየም ኬ የሆነው ካሊየም ከሚለው። ብረት ኤፍ-ኢ፣ ፌረም። ወርቅ ኤ-ዩ፣ አውረም። ተንግስተን ደግሞ ዳብልዩ ነው፤ ቮልፍራም ከሚለው የጀርመኖች ስም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አማርኛችን ራሱ የደበቃቸው እንቆቅልሾች አሉና።

"ቆርቆሮ" የሚለውን ካርድ ስታነሳ ጣሪያውን አሳየችኝ። የጣሪያ ቆርቆሮ ግን ቆርቆሮ አይደለም። ብረት ነው፤ 26ኛው። ላዩ እንዳይዝግ በዚንክ ተለብጧል፤ 30ኛው። ሠንጠረዡ ላይ ያለው ቆርቆሮ 50ኛው ነው፤ ምልክቱ ኤስ-ኤን። ሰው አናቱ ላይ ቆርቆሮ አለ ብሎ ዕድሜውን ይኖራል፤ አንድ ግራም የለም።

"እርሳስ"ም እንዲሁ። እጇ ላይ የያዘችው መጻፊያ እርሳስ ይባላል። ውስጡ ግን ግራፋይት ነው፤ የካርቦን አንድ መልክ። ካርቦን 6ኛው፣ እርሳስ 82ኛው። መካከላቸው 76 ቤት አለ። ድሮ ግራፋይትን ያገኙት ሰዎች የእርሳስ ዓይነት መስሏቸው ነበር፤ ስሙ በብዙ ቋንቋ እንደዚያው ተጣብቆ ቀረ።

"ባዜቃ"ን ደግሞ አታውቀውም። "ሜርኩሪ በለኝ" አለች። ምልክቱ ኤች-ጂ ነው፤ ሃይድራርጂረም፣ ውሃማ ብር እንደማለት። ይህን ከሰማች በኋላ አልረሳችውም። ምልክት ብቻውን አይያዝም፤ ታሪክ ካለው ይያዛል።

ጨዋታውን አስቀርተነዋል፤ ግን ለ11ዱ ብቻ። ለሌሎቹ ጊዜ ማባከን ነው።

ቀን 8

ስም መሥራት። በላቲን ፊደል የሰው ስም ይጻፍና በንጥረ ነገር ምልክቶች ብቻ ይሠራል። ሄኖክ ይሆናል፦ ሂሊየም፣ ናይትሮጅን፣ ኦክስጅን፣ ፖታሲየም። ዮናስ ይሆናል፦ ይትሪየም፣ ኦክስጅን፣ ሶዲየም፣ ድኝ። ቢንያም ደግሞ ቢስመዝ፣ ናይትሮጅን፣ ይትሪየም፣ አሜሪሲየም። ጽዮን ያስፈለጋት 117ኛው ቴነሲን ነው፤ ከዚያ አዮዲን፣ ኦክስጅን፣ ናይትሮጅን። ጄ የሚል ፊደል ግን በ118ቱም ምልክት ውስጥ አይገኝም። ኪውም የለም። ጄ ያለበት ስም ይዞ የመጣ በባዶ እጁ ይመለሳል።

በጣም ሳቅን። የዘመዱን ሁሉ ስም ሞከርን። ከኬሚስትሪ ያገኘነው ግን ዜሮ ነው። ለመዝናኛ ይቀመጥ።

ቀን 10

አንድ ካርድ ጠፋ።

ዛሬ ስንደረድር 117 ሆነ። ሶፋው ሥር ፈለግን፣ ደብተሮቿን አራገፍን፣ የለም። የትኛው እንደጠፋ ለማወቅ ሁሉንም ደረደርን። በአርሴኒክና በብሮሚን መካከል ባዶ ቤት ቀረ። ከላዩ ድኝ፣ ከሥሩ ቴሉሪየም።

ስሙን አስታወስን፤ ሴሊኒየም። ክብደቱን ግን ሁለታችንም አናውቀውም። ፈልጌ ልነግራት ስል፣ "ቆይ፣ ቆይ" አለችኝ። እርሳስ አነሣች። የላዩ 32.06፣ የሥሩ 127.60፣ የግራው 74.92፣ የቀኙ 79.90። ደመረች፣ ለአራት አካፈለች። 78.62።

ትክክለኛው 78.97 ነው።

አዲስ ካርድ ቆርጬ ሰጠኋት። በራሷ እጅ፣ በእርሳስ፣ "ሴሊኒየም 78.62" ብላ ጻፈችበት። ላርመው ስል ከለከለችኝ።

ቀን 11

ትናንት የተፈጠረው ነገር ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሣኝ። ካርድ ስለጠፋ ያገኘነው ጨዋታ አሥር ቀን ሙሉ አስቤ ከሠራኋቸው ሁሉ ይበልጣል። "ቀዳዳ" ብለነዋል።

ሕጉ ይህ ነው። አንዱ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ሌላው አንድ ካርድ አንሥቶ ይደብቃል። የጨፈነው ዓይኑን ገልጦ ስሙን ሳይሆን ጠባዩን ይገምታል። ክብደቱ ስንት ነው? በክፍል ሙቀት ጠጣር፣ ፈሳሽ ወይስ ጋዝ ነው? ከክሎሪን ጋር ስንት ለስንት ይዋሃዳል? ክብደቱን ከመቶ በአምስት ልዩነት ውስጥ ያገኘ ነጥብ ያገኛል።

ሜንዴሌቭም ያደረገው ይህንኑ ነው። በ1869 የታወቁት ንጥረ ነገሮች 63 ብቻ ነበሩ። እሱ ክፍት ቦታ ሲያጋጥመው የሚቀጥለውን ስቦ አልሞላበትም። ክፍቱን ተወው፤ እዚህ ሊመጣ የሚገባው እንዲህ ያለ ነው ብሎ ጻፈ። ከሲሊኮን ሥር ለሚመጣው ክብደቱ 72፣ እፍግታው 5.5 ይሆናል፤ ከክሎሪን ጋር አንድ ለአራት ይዋሃዳል አለ። በ1886 ጀርመናዊው ክሌመንስ ዊንክለር ጀርማኒየምን አገኘ። ክብደቱ 72.6፣ እፍግታው 5.3። ከክሎሪን ጋርም አንድ ለአራት።

ይህንኑ ቀዳዳ ሰጠኋት። አራቱ ጎረቤቶች ሲሊኮን 28.09፣ ቆርቆሮ 118.71፣ ጋሊየም 69.72፣ አርሴኒክ 74.92። አማካዩ 72.86። የሜንዴሌቭን ግምት ስነግራት፣ "ከሱ እኔ እቀርባለሁ!" ብላ ዘለለች። እሱ እኮ ጋሊየም የሚባል ካርድ አልነበረውም፤ ያም ቀዳዳ ነበር። ግን ደስታዋን ማበላሸት አልፈለግኩም።

ከዚያ ሶዲየም። ከላይ ሊቲየም 6.94፣ ከሥር ፖታሲየም 39.10። የሁለቱ አማካይ 23.02፤ እውነተኛው 22.99። እኔ ራሴ ሁለቴ አሰላሁት። እንዲህ ያሉ ሦስት ሦስት ሆነው የሚሄዱ ንጥረ ነገሮችን ጀርመናዊው ዮሐን ዶቤራይነር ከሜንዴሌቭ አርባ ዓመት ቀድሞ አስተውሏቸው ነበር። ክሎሪን፣ ብሮሚን፣ አዮዲንም ከነሱ ናቸው። አማካዩ 81.18 ይወጣል፤ ብሮሚን 79.90 ነው። ትንሽ ያልፋል፤ ግን ነጥቡን ታገኛለች።

ቀን 12

ዛሬ ቀዳዳው ተሸነፈ። ደግ ሆነ።

ከክብደት ሌላ ደግሞ የመቅለጫ ሙቀት እንገምት አልን። ጋሊየምን ደበቅኩ። ጎረቤቶቹ አሉሚኒየም 660 ዲግሪ፣ ኢንዲየም 157፣ ዚንክ 420፣ ጀርማኒየም 938። አማካዩ 544 ነው። በሙሉ ልብ 544 አለች።

ጋሊየም የሚቀልጠው በ30 ዲግሪ ገደማ ነው። መዳፍ ላይ ይቀልጣል።

ፊቷን ያየ ሰው ያዘነላት ነበር። ባዜቃ ደግሞ ባሰ። ግራው ወርቅ 1064፣ ቀኙ ታሊየም 304፣ ላዩ ካድሚየም 321። ባዜቃ ራሱ የሚቀልጠው ከዜሮ በታች 39 ላይ ነው። "ሠንጠረዡ ይዋሻል እንዴ?" አለች።

አይዋሽም። ክብደት የሚያድገው ፕሮቶንና ኒውትሮን በመደማመር ነው፤ ደረጃ እንደመውጣት። መቅለጥ ግን አቶሞቹ ጠጣር ሲሆኑ እርስ በርስ እንዴት እንደሚያያዙ ነው የሚወስነው። ጋሊየም ውስጥ አቶሞቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይጣመራሉ፤ ይህ ለብረታ ብረት የተለመደ አይደለም። አራት ጎረቤት ደምሮ ማካፈል እዚህ አይደርስም። የሚገርመው ሜንዴሌቭ የጋሊየምን መቅለጫ ዝቅተኛ ይሆናል ብሎ ገምቶ ነበር። እሱ አማካይ ብቻ አልነበረም የሚያወጣው፤ ዓምዱንም ረድፉንም አቅጣጫቸውን ያይ ነበር። በ1875 ጋሊየምን ያገኘው ፈረንሳዊ እፍግታውን 4.7 ብሎ ሲያወጣ፣ ሜንዴሌቭ 5.9 አካባቢ መሆን አለበትና እንደገና አጥርተህ ለካው ብሎ ጻፈለት። ሲለካ 5.9 ሆነ። ጋሊየምን በዓይኑ ያላየ ሰው ነው ይህን ያለው!

በስተርጅናው ግን ከሃይድሮጅን የሚቀል ንጥረ ነገር አለ ብሎም ገምቷል። የለም። ይህንንም ነገርኳት፤ ትንሽ ተጽናናች።

አዲስ ሕግ፦ መቅለጫ ላይ ቁጥር አይጠየቅም። "ከጎረቤቶቹ ይበልጣል ወይስ ያንሳል፣ ለምን?" ብቻ።

ቀን 14

የጥያቄ ጨዋታ። አንዱ ንጥረ ነገር በልቡ ይይዛል፣ ሌላው አዎ ወይም አይደለም በሚባል ጥያቄ ይደርስበታል።

ሒሳቡ ያምራል። ሁለትን ሰባት ጊዜ ብናባዛው 128 ነው፤ 118 ከዚያ ያንሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥያቄ ግማሽ ለግማሽ ከከፈለ ሰባት ጥያቄ ይበቃል። ይህን ነገርኳትና ተጸጸትኩ። "ቁጥሩ ከ59 ይበልጣል?" አዎ። "ከ88 ይበልጣል?" አይደለም። እንዲህ እያለች በሰባት ጥያቄ ያዘችኝ። አሁንም ቆጠራ! የቁጥር ጥያቄ ወዲያው ታገደ።

በጠባይ ብቻ ሲሆን ነገሩ ከበደ። "ጋዝ ነው?" የምትለው የመጀመሪያ ጥያቄዋ ነበረች። በክፍል ሙቀት ጋዝ የሆኑት 11 ናቸው። "አይደለም" ከተባለች 107 ይቀሯታል። "ፈሳሽ ነው?" ደግሞ ባሰ፤ ፈሳሾቹ ብሮሚንና ባዜቃ ብቻ ናቸው። ቀስ በቀስ ጥያቄ መምረጥ ጀመረች። የተሻለው "ከመሃል ነው ወይም ከታች ከተባረሩት?" ሆኖ ተገኘ። የመሃሎቹ (ከ3ኛው እስከ 12ኛው ዓምድ ያሉት) 40፣ የታቾቹ 28፤ አንድ ላይ 68። የቀሩት 50። ግማሽ ለግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው።

"በራሱ ጊዜ ፈርሶ የማይበታተን ዓይነት አቶም አለው?" የሚለውም ጥሩ ነው። 80 አላቸው፣ 38 የላቸውም። በዚህ ላይ ተጣላን። እኔ የያዝኩት ቢስመዝ ነበር፤ "የለውም" አልኩ። ተሸነፈችና ተቆጣች፤ መጽሐፏ የተረጋጋ ነው ይላል። በ2003 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ቢስመዝ እንደሚበታተን ደርሰውበታል። ግን ግማሹ ለመበታተን የሚፈጅበት ጊዜ ከዩኒቨርሱ ዕድሜ ከቢሊዮን ጊዜ በላይ ይበልጣል። "ይሄማ ማጭበርበር ነው!" አለች። ነጥቡን መለስኩላት።

ቀን 16

ዛሬ በወረቀት የሚፈታ እንቆቅልሽ ጻፍኩ። ሊቲየም፣ ፍሎሪን፣ ኒዮን፣ ሶዲየም፣ ክሎሪን፣ አርጎን፤ ስድስቱ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ በሚሉ ፊደሎች ተደብቀዋል። ፍንጮቹ፦ ሀ እና ለ ከማንም ጋር አይዋሃዱም። ሀ ከለ ይቀላል። መ በፕሮቶን ከሀ በአንድ ይበልጣል። ሠ በፕሮቶን ከለ በአንድ ያንሳል። ረ ከመ ጋር በአንድ ዓምድ ነው።

በአራት ደቂቃ ፈታችው። ከዚያ እርሳሷን አንሥታ ሁለተኛውን ፍንጭ ሰረዘችው።

"ይሄ ትርፍ ነው።"

"ከሌለ እኮ የትኛው ኒዮን የትኛው አርጎን እንደሆነ አይታወቅም።"

"ይታወቃል። ሀ አርጎን ቢሆን መ ፖታሲየም ሊሆን ነው። ፖታሲየም ደግሞ ከስድስቱ ውስጥ የለም።"

ተቀመጥኩና ሠራሁት። እውነቷን ነው። ከዚህ በኋላ እንቆቅልሾቹን የምትጽፈው እሷ ናት፤ እኔ ፈቺ ነኝ።

ቀን 19

ባዶ ሠንጠረዥ አስቀምጠን ሁለታችንም ለየብቻ ሞላን። እኔ 74፣ እሷ 69። ብዙ አልቀረንም የምል ነበር፤ ግን ሁለታችንም ላንታናይዶቹ ላይ ወድቀናል። እዚያ ጎረቤት አይረዳም፤ ሁሉም ይመሳሰላሉ። የሚያጣብቃቸው ታሪክ ቢኖር ኢተርቢ የምትባል የስዊድን መንደር ናት። ይትሪየም፣ ኢተርቢየም፣ ተርቢየምና ኤርቢየም አራቱም ስማቸውን የወሰዱት ከሷ ነው። አንድ ስም ለአራት ቆራርሶ ማከፋፈል ምን ይባላል? ለነሱ የሚሆን ጨዋታ ገና አላገኘንም።

ስትሳሳት እንዴት እንደምትሳሳት ማየቱ ግን ደስ ይላል። ሩቢዲየምን ረስታው ነበር። ቦታውን ባዶ ትታ "ውሃ የሚያቀጣጥል፣ 85 ገደማ" ብላ ጻፈችበት። 85.47 ነው። ይህን እንደ ትክክል ቆጠርኩላት።

የመጀመሪያ ቀን ጥያቄዬንም ደገምኩት። ካልሲየም ከማን ሥር ነው?

"ከማግኒዚየም ሥር። ከስትሮንሺየም በላይ።" ጣቷ አልተንቀሳቀሰም።

ቀን 21

የጠፋው ካርድ ተገኘ። የሒሳብ መጽሐፏ ውስጥ፣ እንደ ዕልባት ሆኖ። በማርከር የተጻፈ ሴሊኒየም፣ 78.97፣ ጥጉ የተቆረጠ።

አሁን ሴሊኒየም ሁለት ሆኗል። የኔን ላስቀምጥ ስል እጄን ያዘችኝ። ወለሉ ላይ ያለው አሁንም በእርሳስ የተጻፈው ነው።